የሣር ኪራይ

ባለፈው ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ አባዬ በራችን ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። በእጁ አንድ የታጠፈ ወረቀት ይዟል፤ ፊቱ ግን የምሥራች የያዘ ሰው ፊት አይመስልም፣ የምሥራቹን ሦስት ጊዜ አንብቦ ገና ያላመነ ሰው ፊት ነው። «እስቲ አንቺ እዪው» አለኝ። «አልፏል ነው የሚለው? ወይስ ከታች በትንንሹ የጻፉት ሌላ ነገር አለ?»

አየሁት፤ ፊቱንም ጀርባውንም። አልፏል። ሦስት ዓመት ሙሉ ከቤተ ክርስቲያናችን ጓሮ ሰማያዊ ሸራ ለብሶ የቆመው አሮጌው ካምፐርቫናችን፣ ቤትም መኪናም የሆነው፣ ኤም ኦ ቲውን፣ የዓመት ምርመራውን ማለቴ ነው፣ አልፏል። በነሐሴ እንሄዳለን ማለት ነው። እኔም አሥራ ሰባት ዓመቴ መሆኑን ረስቼ አባዬን አንገቱን አንቄ ሳምኩት፤ እሱ ግን አሁንም ዓይኑን ከወረቀቱ ላይ አልነቀለም።

ቅዳሜ ጠዋት ከጋራዡ ልናመጣው ሄድን። የጎኑን በር ስከፍተው ሽታው ቀድሞኝ ወጣ፤ የቆየ ጋዝ፣ እርጥበት የጠጣ ስፖንጅ፣ ደግሞም ከዓመታት በፊት መሳቢያ ውስጥ ተደፍቶ ስንጥቁ ውስጥ የቀረ በርበሬ። ሁለት ጊዜ አስነጠሰኝ፤ በሁለተኛው ተመልሼ የአሥር ዓመት ልጅ ሆንኩ።

ያኔም የምንኖረው እዚሁ ለንደን፣ ሼፈርድስ ቡሽ፣ ከገበያው ጀርባ ባለው ፎቅ ስድስተኛው ላይ ነበር። አባዬ ፓርክ ሮያል ዳቦ ፋብሪካ ይሠራል፣ እማዬ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል፤ እህቴ ሊያ አምስት ዓመቷ ነው፣ ሥራዋ ማልቀስ ነው። በዚያ ዓመት ለአባዬ እቁብ ደረሰው። እማዬ ያሰበችው ሶፋ ነበር፣ ቀለሙን ሳይቀር መርጣለች። አባዬ ግን አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ መንገዳችን ላይ ነጭ፣ ረጅም፣ ጎኑ ላይ ቡናማ መስመር የተሰመረበት ነገር አቁሞ በመስኮት እንድናይ ከታች ጠራን። ጡረታ የሚወጣ የሥራ ባልደረባው ነው የሸጠለት። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ የእጅ መታጠቢያ አለው፣ ከሹፌሩ ራስ በላይ ደግሞ እኔ የምተኛበት እንደ ቆጥ ያለ ነገር አለው። እማዬ ከስድስተኛ ፎቅ ቁልቁል ብዙ አየችውና «ሰውዬው ለምን ሸጠው?» አለች።

«ስላረጀ ነዋ።»

«ማን፣ ሰውዬው ወይስ መኪናው?»

እኛ ቤት ጥርጣሬ ከበሽታ አይቆጠርም፣ ከጥንቃቄ ነው። አባዬ ለንደን በገባ በመጀመሪያው ዓመት ሳያነብ የፈረመው አንድ ወረቀት ነበር፤ ምን እንደገዛ እስከ ዛሬ አያውቅም፣ ሁለት ዓመት ግን በየወሩ ከፍሎለታል። ከዚያ ወዲህ የአውቶቡስ ትኬት ጀርባ ሳይቀር ያስነብበኛል። እማዬ ደግሞ ፈገግ ብሎ የሚሸጥ ሰው አትወድም፤ ተኮሳትሮ የሚሸጥ ሰውንም «ምን ደብቆ ነው የተኮሳተረው» ትላለች። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያደገች ልጅ የተሰጣትን ከረሜላ ገልብጣ ብታይ አይገርምም።

የአባዬ ስሌት ቀላል ነበር። ሆቴል ውድ ነው፤ ቤቱን ይዞ የሚዞር ሰው ግን ሆቴል አያስፈልገውም። ባሕር ዳርቻ ሄደን ማቆም፣ መብላት፣ መተኛት፣ በነጻ። ይህን ለሁሉም ሰው ነገረ፤ ለቄሱ፣ ለእቁቡ ሰዎች፣ ለዳቦ ፋብሪካው ዘበኛ። የነገረው ቶሎ ነው፤ የመጀመሪያው ጉዟችን ላይ፣ ባሕሩን እያየን እማዬ ገና ሽንኩርት ሳታቁላላ፣ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው መጥቶ መስታወቱን አንኳኳ። እዚህ ማደር ክልክል ነው፣ ካምፕሳይት፣ የካምፐርቫን ማደሪያ ሜዳ ማለት ነው፣ ሂዱ አለን፣ በትሕትና። ተርጉሜ ነገርኳቸው።

እማዬ ማማሰያውን አስቀመጠች። «ካምፕ?» አለች። «መኮንን፣ እኔ ከካምፕ ነው የወጣሁት። ሱዳን ሁለት ዓመት ካምፕ ስቀመጥ ድንኳኑም ውሃውም በነጻ ነበር። አሁን በገንዘባችን ካምፕ ልንገባ ነው?»

ገባን። በሩ ላይ አንድ ትልቅ ሰሌዳ ነበር፤ አባዬ ሞተሩን አጥፍቶ ወርዶ ከላይ እስከ ታች አስነበበኝ። መኪናው ለሚቆምበት ሣር ይህን ያህል፣ ለአዋቂ ይህን ያህል፣ ለልጅ ይህን ያህል፣ ለውሻ፣ ለመብራት፣ ከመኪናው ጎን ለሚዘረጋ ሸራ። አባዬ በየመስመሩ ቆም እያደረገ ያስደግመኛል። «ቤቱ የኔ፣ አልጋው የኔ፣ ጋዙ የኔ፣ ውሃውን እንኳ ከቤት ይዤ ነው የመጣሁት፤ ታዲያ የምከፍለው ለምኑ ነው፣ ለሣሩ?» አለኝ፣ እኔ ሰሌዳውን የጻፍኩት ይመስል። የመጨረሻው መስመር «ጠያቂ» ይል ነበር። ያን ስተረጉምለት ሳቀ፤ «እንዲህ ብሎ የጻፈ የለም፣ ተሳስተሽ ነው።»

አልተሳሳትኩም። የአባዬ የእቁብ ባልደረቦች አዲስ ቤት ለገባ ሰው እንደሚደረገው አስበው፣ በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዘጠኝ ሰዎች በሁለት መኪና፣ ድፎ ዳቦና የታሸገ ወጥ ይዘው፣ ካምፐርቫኑን ሊመርቁ ከለንደን ድረስ መጡ። በሩ ላይ የነበረው ልጅ እያንዳንዳቸውን በጣቱ ቆጠረ። እነሱ «እንኳን ደስ ያላችሁ» እያሉ ሲሳሳሙ፣ አባዬ በፈገግታ እየሳመ ከትከሻቸው በላይ የልጁን ጣት ይከተል ነበር። ስንወጣ የተሰጠን ሂሳብ፣ እማዬ እንዳለችው፣ ከነቁርሱ ሆቴል ያሳድረን ነበር፤ ለዚያውም አንሶላውን ሌላ ሰው ያጥበዋል።

ቤት ስንደርስ እማዬ ኮቷን ሳታወልቅ ፍርዷን ሰጠች፤ አንድ ጊዜ ብቻ ትታገሣለች። አሁንም እንዲህ ዓይነት ሂሳብ ከመጣ መኪናው ይሸጣል። ገዢም ነበር፤ ሰሜን ለንደን ኤድመንተን የሚኖሩት ጋሼ ታደሰ ካምፐርቫኑን ገበያ ላይ ምግብ መሸጫ ሊያደርጉት ፈልገው በየሳምንቱ ይደውሉ ነበር። እማዬ በነሐሴ ማብቂያ ላይ ካለው የሰኞ የዕረፍት ቀን ማግሥት መጥተው እንዲያዩት ነገረቻቸው። ለእኔ ይህ የዓለም መጨረሻ ነበር። ስድስተኛ ፎቅ ላይ ከእህቴ ጋር በአንድ ክፍል ለምትኖር ልጅ ያች ከሹፌሩ ራስ በላይ ያለች ቆጥ ምን እንደሆነች ለማስረዳት ቃል አይበቃኝም፤ መጋረጃ ነበራት፣ ትንሽ መስኮት ነበራት፣ ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ ነበራት።

ስለዚህ የቀረን አንድ ዕድል ያ የዕረፍት ቀን ነበር። አባዬ ከሥራ ቦታው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንዲት በእጅ የተጻፈች ካርድ አግኝቶ ቀድቶ አመጣ፤ ኬንት ውስጥ ያለ የእርሻ ሜዳ፣ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ዋጋ። ዋጋው ትንሽ በመሆኑ አባዬ አልተኛም። እኔ ስልኩን ይዤ፣ እሱ ጎኔ ቆሞ፣ ዶሪን ከምትባል ሴትዮ ጋር ተነጋገርን።

«ውሃውስ? ውሃውን ጠይቂያት።»

ውሃው ከዋጋው ውስጥ ነው አለች።

«ሽንት ቤቱስ?»

እሱም ውስጥ ነው።

«መግቢያው ካልተከፈለ መውጫው ይከፈላል፣ እሱን ጠይቂያት።»

ያንን አልጠየቅኳትም፤ ጠየቅኳት ብዬ ዋሸሁት። ስልኩን ስዘጋ ራሱን ነቀነቀ። «የሆነ ነገር አለው» አለ።

የሆነ ነገር ነበረው። ቅዳሜ ስንደርስ ዶሪን ጎማ ጫማዋን እንዳደረገች ከጎተራዋ በር ላይ ትንሽ ጠረጴዛ አውጥታ፣ ወፍራም መዝገብ ዘርግታ ጠበቀችን። አጭር፣ ጉንጯ የቀላ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ስማችንን እንድንጽፍ ብዕር ሰጠችን። አባዬ «መኮንን ወልዴ» ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ የእማዬን፣ «አልማዝ ተሰማ»። ከዚያ እኔ የራሴንና የእህቴን፣ «ሕይወት መኮንን»፣ «ሊያ መኮንን»። ዶሪን መነጽሯን አድርጋ አየች፤ ጣቷን ወልዴ ላይ፣ ተሰማ ላይ፣ መኮንን ላይ አሳረፈችና፣ ይሄ ሦስት ቤተሰብ ነው፣ የሦስት ዋጋ ትከፍላላችሁ ብላ ሦስት ዋጋ ጻፈች።

አባዬ ስተረጉምለት አልተቆጣም፤ እንዲያውም ዕፎይ ያለ መሰለኝ። ከሳምንት በፊት ጀምሮ የፈለገውን ወጥመድ አገኘው። «አላልኩሽም?» አለኝ ቀስ ብሎ።

እኔ ለማስረዳት ሞከርኩ። በእኛ አገር ሁለተኛው ስም የአባት ነው፣ ሴት ስታገባ የአባቷን ስም ይዛ ትቀራለች፣ ልጆች በአባታቸው ይጠራሉ እያልኩ። ዶሪን ሰማችኝ፤ ከዚያ፣ እሺ፣ ታዲያ የቤተሰቡ ስም ምንድን ነው ብላ ጠየቀች።

«የለንም በያት» አለ አባዬ።

የለንም አልኳት። ብዕሩን አስቀመጠች። የስም ጉዳይ ለምን እንዳስጨነቃት በኋላ ነግራናለች፤ ባለፈው ወር ስድስት ጎረምሶች አንድ ቤተሰብ ነን ብለው ሁሉም አንድ ዓይነት ስም ጽፈው ገብተው፣ አጥሯን አፍርሰው ነበር የወጡት። ያኔ ግን ይህን አናውቅም። ያየነው ፈገግታዋን ሳታጠፋ ከጠረጴዛው ፈቀቅ የማትል ሴት ነው፤ እሷ ደግሞ ያየችው ሦስት ስም ይዞ የቤተሰብ ስም የለኝም የሚል፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ የቆመ ሰው ነው። ሁለቱም በትሕትና ቆመው ተጠራጠሩ።

በዚህ መሐል የካምፐርቫኑ በር ተከፈተና እማዬ ወረደች። ወደ ዶሪን አልሄደችም፤ ቀጥታ ወደ አባዬ ነው።

«መኮንን፣ እኔ ሶፋ ነበር ያልኩህ። ሶፋ ላይ ለመቀመጥ የአባትህ ስም አይጠየቅም። ሶፋ የትም አይሄድም፣ ቤንዚን አይጠጣም፣ ሣር አይከራይም።»

«ቀስ በይ፣ ሴትዮዋ ትሰማለች።»

«ትስማ። ይኸው ሥጋጃውን አራግፍ ብዬህ ሳታራግፍ ነው የመጣኸው። ውሃ ቅዳ ብዬህ ግማሽ ጄሪካን ነው የቀዳኸው። ደግሞ ያን ሸሚዝ አትልበስ አላልኩህም? አንገቱ አልቋል፣ በዚህ ሸሚዝ ማን ያምንሃል?»

«አልማዝ...»

«አልማዝ አትበለኝ።»

አባዬ አንገቱን ደፍቶ ኮሌታውን ማስተካከል ጀመረ። ዶሪን አንድ ቃል አልገባትም፤ ግን መነጽሯን አውልቃ እማዬን አየች፣ አባዬን አየች፣ እንደገና እማዬን አየች። ከዚያ ብዕሩን አንሥታ ከሦስቱ ዋጋ ሁለቱን ሰረዘቻቸው። «ሚስቱ ናት» አለችኝ። «በዚህ ዓይነት የምትናገረው ሌላ ሰው የለም።» አንድ ዋጋ። እማዬ ምን እንዳለች ጠይቃኝ ስነግራት፣ ልትቆጣም ልትስቅም አቅቷት ተመልሳ ገባች፤ በሩን ግን እንደ ወትሮው በኃይል አልዘጋችውም።

አባዬ ድሉን አላመነውም። ቀኑን ሙሉ በውሃው ቧንቧ ዙሪያ ቆጣሪ ፈለገ። ሊያ ሽንት ቤት ስትገባ ውጭ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። እሑድ ጠዋት ዶሪን ቡናማ ቡናማ እንቁላል በትንሽ ቅርጫት አምጥታ ደረጃችን ላይ አስቀምጣ ሄደች፤ አባዬ ከደረጃው ላይ አንሥቶ መስኮት ሥር አኖረውና «ማንም እንዳይነካው» አለ። «በኋላ ሂሳቡ ላይ ይመጣል።» ሊያ አለቀሰች። እንቁላሉ ቀኑን ሙሉ እንደ አደራ ዕቃ ተቀምጦ ዋለ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ግን አንድ ነገር አየሁ። እማዬ ጫማዋን አውልቃ ከመኪናው ጥላ ሥር ሣሩ ላይ ጋደም ብላ፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ተኝታ ነበር። እማዬ በቀን ስትተኛ አይቼ አላውቅም። ከሆስፒታል ስትመለስ እጇ ሁልጊዜ የሳሙና ሽታ ይሸታል፣ ገብታ ወዲያው ወጥ ቤት ትቆማለች፤ ስትተኛ የማያት ታማ ብቻ ነው። አባዬም አያት። ከቧንቧው ሄዶ አጠገቧ ቆመ፣ ፀሐዩ ወደ እግሯ ሲመጣ ሸራውን በእጁ ስቦ ጥላውን አስረዘመላት፤ ያ ሸራ ዋጋ ይጠየቅበት አይጠየቅበት እንደሆነም አልጠየቀኝም።

ሰኞ ጠዋት እማዬ ቅርጫቱን ከመስኮት ሥር አነሣች። «በእኔ ይሁን» አለች፤ እንቁላሉን በሽንኩርትና በቃሪያ ጠበሰችው፣ በላነው። ባዶ ቅርጫት ለሰው አይመለስምና ዳቦ ቆሎ ሞልታ ለዶሪን ላከችኝ፤ አባዬም ሂሳቡን ሊጨርስ አብሮኝ መጣ። ዶሪን ዳቦ ቆሎውን አየችው፣ አንዱን አሸተተችው፣ ከዚያ ጠርጠር ብላ «ስንት ነው?» አለችኝ።

«ምን አለች?»

«ዋጋው ስንት ነው ነው የምትለው።»

አባዬ ፊቱ ተለወጠ። «ንገሪያት፣ ሰው ለሰጠው ነገር...» ብሎ ጀመረና እዚያው ላይ ቆመ። እጇ ላይ ያለውን ቅርጫት አየና ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ይስቅ ጀመር። ዶሪን ለምን እንደሚስቅ አላወቀችም፣ ግን አብራው ሳቀች፣ ዳቦ ቆሎውንም አፏ ውስጥ ጣለችው። ሂሳቡ ካርዷ ላይ የተጻፈው ነበር፤ እንቁላል የለ፣ ውሃ የለ፣ ሸራ የለ። አባዬ ግን እንደ ልማዱ ጀርባውን አስነበበኝ። ባዶ ነበር።

ጋሼ ታደሰ በማግሥቱ መጡ፤ ገንዘቡን በኤንቬሎፕ ይዘው፣ ዋጋ ሳይከራከሩ። እማዬ በር ላይ ተቀብላ ሻይ አቀረበችላቸው፣ ብዙ አየቻቸውና «ጋሼ፣ እርስዎ ይህን ያህል የፈለጉት ምን አይተውበት ነው?» አለቻቸው። ምንም አላየሁበትም ቢሏት አላመነችም። ሰው ሳይከራከር ከገዛ እኛ የማናውቀውን ያውቃል ማለት ነው ብላ እንቢ አለች፣ መኪናው ቀረ። አባዬ ይህን ጥርጣሬዋን ከልቡ ተቀበለ፤ እኔ ግን ሣሩ ላይ ተኝታ ስላየኋት እስከ ዛሬ እጠረጥረዋለሁ።

ከዚያ አራት ነሐሴ ሄድን። ከዚያ የዳቦ ፋብሪካው ፈረቃውን ቀነሰ፣ አባዬ ሁለት ሥራ ያዘ፣ መኪናው ሸራውን ለበሰ። ቅዳሜ ዕለት ቆጧ ላይ ወጥቼ ልጋደም ብል ጉልበቴን ደረቴ ላይ ካላጠፍኩ አላስገባችኝም። ሊያ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከጓደኞቼ ተለይቼ ሜዳ ላይ ምን ልሠራ ትላለች። እማዬ ወገቧን ስለሚያማት ከእንግዲህ ሣር ላይ ተኝታ ለመነሣት ሁለት ሰው ያስፈልጋታል። አባዬ ደግሞ ወደ ዶሪን ራሱ ደወለ። ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ፣ አዎ፣ በመጨረሻ ሶፋም ተገዝቷል፣ እየሰማሁት ውሃውን ጠየቀ፣ ሽንት ቤቱን ጠየቀ፣ በራሱ እንግሊዝኛ። ያኔ በእኔ አፍ ነበር የሚጠረጥረው። ስልኩን አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እኔ አላዞረውም፤ ደስ ሊለኝ ሲገባ ለምን እንደከፋኝ አላውቅም።

ስልኩን ሲዘጋ የሰማውን ነገረን። ዶሪን ጉልበቷ እንቢ ብሏት ይህ የመጨረሻ ነሐሴዋ ነው። ከመጪው ዓመት ጀምሮ ሜዳውን የሚይዘው ትልልቅ ካምፕሳይቶች ያሉት ድርጅት ነው፤ አባዬ ገና ያልተተከለውን የሰሌዳቸውን መስመሮች በቃሉ ያውቃቸዋል። እኔ የማስበው ግን ሌላ ነው። በዚያ የመጀመሪያ ዓመት ሦስት ቀን ነበረን፤ አባዬ ሁለቱን በቧንቧ ዘበኝነት ጨረሳቸው። የእነዚያ ሁለት ቀናት ዋጋ ስንት ነው? ለዚህ ሂሳብ የሚሰጥ ሰው የለም።

ዶሪን ግን አንድ መልእክት ሰጥታዋለች፣ እሱም እንዳደርስላችሁ ለምኖኛል። የኋላው ሜዳ በነሐሴ ማብቂያ ባለው የዕረፍት ቀን ባዶ ነው፤ ወገኖቻችሁን አምጧቸው፣ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ዋጋ፣ ሊጠይቅ የሚመጣም አይከፍልም ብላለች። ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ ተጋብዛችኋል። ካምፐርቫን ያላችሁ በካምፐርቫን፣ የሌላችሁ ድንኳን፣ ድንኳንም የሌላችሁ ብርድ ልብስ ያዙ። ከዕረፍቱ ቀን በፊት ባለው ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከቤተ ክርስቲያናችን ጓሮ ተነሥተን አባዬን ተከትለን እንሄዳለን፤ ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው፣ አትጠፉም። ዋጋውን ራሳችሁ ጠይቃችሁ ማረጋገጥ የምትፈልጉ ካላችሁ አባዬ ሁለት ጊዜ ጠይቋል፣ ሦስተኛውን ለእናንተ ትቶላችኋል። እማዬ ትመጣለች፣ ከሣሩ የሚያነሷት ሁለት ሰዎች ካገኘን። ጥርጣሬ ያለባችሁም ይዛችሁት ኑ፤ ሜዳው ሰፊ ነው።